ማክቤዝ ውስጥ ወሳኙ ማን ነበር? ባል ወይስ ሚስት?

ቀለም ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የሼክስፒርን ተውኔት ማክቤዝን እንደገና አነበብኩት። መጀመሪያ ያነበብኩት ተማሪ ሆኜ ነው፣ በጸጋዬ ገብረመድህን ትርጉም። ያኔ ነገሩ በጣም ቀላል ነበር። ጎበዝ የጦር አዛዥ፣ ክፉ ሚስት፣ በእንግድነት መጥቶ በተኛበት የተገደለ ንጉሥ። "ሴት የላከው ጅብ አይፈራም" ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት።

አሁን 11 ዓመት በትዳር ቆይቻለሁ። መጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ ሆኖብኛል።

መጀመሪያ ያስቆመኝ ደብዳቤው ነው። ጠንቋዮቹ ንጉሥ ትሆናለህ ብለውታል። ሰውየው ቤቱ እስኪደርስ አላስቻለውም፣ ለሚስቱ ጽፎ ላከላት። ደግሞ አጠራሩን እዩት፤ "የታላቅነቴ ተካፋይ፣ ውዴ" ነው የሚላት። ዜናውን ቀድመሽ ሰምተሽ ደስታሽ እንዳያመልጥሽ ነው የጻፍኩልሽ ይላታል። እሷም አንብባ ስትጨርስ የሚያስጨንቃት ንጉሡ አይደለም፣ ባሏ ነው። ልቡ ርኅሩኅ ነው ብላ ትሰጋለች። ትልቅ ነገር ይፈልጋል፣ ግን እጁ ሳይቆሽሽ እንዲያገኘው ነው የሚፈልገው ትላለች። እንዲህ አድርጎ ባሏን የሚያውቅ ሰው ብዙ አይገኝም።

ከዚያ እሱ "ይቅርብን" ይላል። እሷ ወንድነቱን ታነሳበታለች። እሺ ይላል። ንጉሡን ይገድላል። ጩቤዎቹን ይዞ ፈዝዞ ሲመጣ እሷ ተቀብላው ተመልሳ ሄዳ የተኙት አሽከሮች አጠገብ ታስቀምጣለች። እስከዚህ ድረስ ቤቱን የምትመራው እሷ ናት፣ ይሄ ግልጽ ነው።

እና ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ከ3ኛው ገቢር በኋላ ይቺ ሴት የት ገባች? 4ኛው ገቢር ላይ ጭራሽ የለችም። 5ኛው ላይ ስትመጣ በእንቅልፍ ልቧ የምትሄድ በሽተኛ ሆና ነው። እንደዚያ ያለ ኃይል የነበራት ሰው እንዴት በአንዴ ትጠፋለች? ደራሲው ስለ ጦርነቱ ሲያስብ ረስቷት ነው? ወይስ ኃይሉ ከመጀመሪያውም የሷ አልነበረም? ያነበባችሁ፣ መድረክ ላይም ያያችሁ ንገሩኝ።

የመጋረጃ ጀርባ፦

ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ የኔም ነው። ከዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ስናሳይ የሷን ቦታ ተጫውቻለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላጫውትህ።

መጀመሪያ ግን "ሚስቱ አሳስታው ነው" የሚለውን ልያዝ። 1ኛ ገቢር 7ኛ ትዕይንትን ደግመህ ተመልከተው። እሱ ነገሩ ይቅር ሲላት ምን ትለዋለች? ታዲያ ያኔ ይህን ሐሳብ ለኔ እንድትነግረኝ ያደረገህ የትኛው አውሬ ነበር ነው የምትለው። ልብ በል፣ ሐሳቡን ያመጣኸው አንተ ነህ እያለችው ነው። ትቀጥልና ያኔ ጊዜውም ቦታውም አልተመቸም ነበር፣ አንተ ግን ላመቻች ብለህ ነበር ትለዋለች። እሱ ደግሞ አላልኩም ብሎ አይከራከራትም። ይህ ወሬ መቼ እንደተወራ መድረክ ላይ አናየውም። በትዳራቸው ውስጥ የቆየ ወሬ ነው ማለት ነው፣ ወይ ቢያንስ እሷ እንደዚያ ነው የምታስታውሰው። ጠንቋዮቹም "ግደል" አላሉትም እኮ። ንጉሥ ትሆናለህ ነው ያሉት። መግደል የሚለውን ቃል ገና መንገድ ላይ እያለ ራሱ ነው ያሰበው፣ ጸጉሩም የቆመው በራሱ ሐሳብ ነው።

የት ገባች ላልከው። የምትጠፋው 4ኛው ገቢር ላይ አይደለም። 3ኛ ገቢር 2ኛ ትዕይንት ላይ ነው የጠፋችው፣ እዚያው መድረክ ላይ ቆማ እያለች። አሁን ንግሥት ሆናለች። ትዕይንቱ ሲከፈት አንድ አሽከር ጠርታ፣ ንጉሡ ጊዜ ካላቸው ጥቂት ቃል ልነግራቸው እፈልጋለሁ በልልኝ ብላ ትልከዋለች። ይቺ ናት እንግዲህ ደብዳቤው የተጻፈላት ሴት። ባሏን ለማነጋገር መልእክተኛ ትልካለች! ስለማመድ ይቺን አንዲት አረፍተ ነገር መናገር ነበር በጣም የከበደኝ። ጩኸቱም፣ ደሙም፣ እብደቱም እንደሷ አልከበደኝም። አሽከሩ ሲወጣ ብቻዋን ትቀራለችና ሁሉን አወጣን፣ ምንም አላተረፍንም፣ የተመኘነውን አገኘን፣ ልባችን ግን አልረካም ትላለች። ከዚያ እሱ ይገባል። ወዲያው ፊቷን ታስተካክልና ምነው ብቻህን ትሆናለህ ብላ እሱን ማጽናናት ትጀምራለች። የራሷን ኀዘን አትነግረውም። እሱም የራሱን አይነግራትም።

ሞገደኛው፦

ይቅርታ አድርጊልኝና አልስማማም። ሁልጊዜ ይህ ተውኔት ሲነሳ እሷን ነጻ ለማውጣት የምንሄድበት ርቀት ያሳዝነኛል። ሐሳቡ የሱም ቢሆን፣ ሐሳብና ድርጊት አንድ አይደሉም። ያ ሰው ወስኖ ነበር። በደንብ አስቦ ነው የወሰነው። ዘመዴ ነው፣ ንጉሤ ነው፣ እንግዳዬ ነው፣ በሩን ከገዳይ ልጠብቅለት ሲገባኝ ራሴ ጩቤ ልይዝ ነው እንዴ አለ። ደግ ንጉሥ ነው፣ ከፍላጎቴ በቀር የሚያነሳሳኝ ምንም ምክንያት የለኝም አለ። ከዚያ ሚስቱ ስትመጣ በአንዲት አጭር አረፍተ ነገር ነገራት። በዚህ ነገር ከዚህ በላይ አንሄድም። አለቀ። ይሄ ሰው ድኖ ነበር።

አሁን እሷ ያንን ውሳኔ እንዴት እንደገለበጠችው እዩ። ስለ ንጉሡ አንድ ቃል አትመልስለትም። መግደል ትክክል ነው ብላ አትከራከርም። ወሬውን ሙሉ በሙሉ ከንጉሡ ከዳንከን ላይ አንስታ እሱ ላይ ታመጣዋለች። ከዛሬ ጀምሮ ፍቅርህንም በዚሁ ነው የምለካው ትለዋለች። ልታደርገው በደፈርክ ጊዜ ያኔ ወንድ ነበርክ ትለዋለች። ከዚያ የልጁ ነገር ይመጣል፤ ጡት አጥብቻለሁ፣ የሚጠባ ልጅ መውደድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አንተ እንደማልከው እኔ ምዬ ቢሆን ግን እየሳቀልኝ ከጡቴ ነጥቄ ጭንቅላቱን እፈጠፍጠው ነበር። እንዲህ ላለ ንግግር ምን ይመለሳል? እሱም የሚመልሰው ጠፍቶት የሚጠይቃት ባይሳካልንስ ብሎ ነው። ነገሩ ያለቀው እዚህች ላይ ነው። አንድ ሰው "ልክ ነው ወይ" ከማለት ወጥቶ "ቢከሽፍስ" ማለት ሲጀምር ተሸንፏል። ለ"ቢከሽፍስ" ደግሞ እሷ መልስ አላት፣ አሽከሮቹን በወይን እናሰክራለን፣ ጥፋቱን እነሱ ላይ እናላክካለን።

በትዳር ውስጥ ይሄ በጣም አደገኛው ኃይል ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያውቅሽ ሰው የት ጋ ቢነካሽ እንደሚያምሽ ያውቃል። ጠላት እንዲህ አያውቅም። ማክቤዝን በጦር ሜዳ ማንም አላንበረከከውም፣ ሚስቱ ግን በአንድ ትዕይንት ጨረሰችው። የደብዳቤው ፍቅር እውነተኛ ስለሆነ ነው ይህን ማድረግ የቻለችው። ስለዚህ ኃይሉ የሷ ነበር፣ ተጠያቂነቱም የሷ ነው።

ታሪክ ቆፋሪ፦

ሁላችሁም ጥሩ ነገር አንስታችኋል። እኔ ከታሪኩ በኩል ልጨምር፣ ምክንያቱም ጥያቄው ላይ ብርሃን ይሰጣል ብዬ አስባለሁ።

ማክቤዝ በእውነት የነበረ የስኮትላንድ ንጉሥ ነው። በ1040 ዳንከን ሲሞት ነገሠ፣ እስከ 1057 ድረስ 17 ዓመት ገዛ። እውነተኛው ዳንከን ሽማግሌ አልነበረም፣ የሞተውም አልጋው ላይ ሳይሆን በውጊያ ነው። ሚስቱም ስም ነበራት፣ ግሩኦክ ትባላለች፣ ከንጉሣዊ ቤተሰብ የተወለደች። ከማክቤዝ በፊት ሌላ ባል ነበራት፣ ከሱም ሉላክ የሚባል ልጅ ወልዳለች። ልጁ ከማክቤዝ ሞት በኋላ ለጥቂት ወራት ነግሦ ነበር። ተውኔቱ ውስጥ ጡት አጥብቻለሁ ስትል ልጁ የት እንዳለ አንባቢ ሁሉ ግራ ይገባዋል፤ ደራሲው ግን አያብራራውም። ስሟንም አይነግረንም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በባሏ ስም ነው የምትጠራው።

ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘው ከሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ነው። መጽሐፉ በ1577 ታትሞ በ1587 እንደገና ወጥቷል። እዚያ ውስጥ የማክቤዝ ሚስት ያላት ቦታ አንድ አረፍተ ነገር ያህል ነው። ንግሥት ለመባል በማይጠፋ ምኞት ትቃጠል ስለነበር ባሏን ገፋፋችው ይላል፣ ያው ነው። በሌሊት፣ በእንግድነት፣ አሽከሮች ሰክረው የሚለው ደግሞ ከሌላ ታሪክ የመጣ ነው። ዶንዋልድ የሚባል ሰው በሚስቱ ግፊት ንጉሥ ደፍን ቤቱ ውስጥ ያስገደለበት ታሪክ እዚያው መጽሐፍ ላይ አለ። ሼክስፒር ሁለቱን ታሪኮች አገናኝቶ ሰፋቸው።

ይህን ያነሳሁት ለምን መሰላችሁ። ገፋፊ ሚስት የምትለዋን ደራሲው ከነበረ መጽሐፍ ላይ ነው ያገኛት። ትዳሩን ግን አላገኘውም። ሆሊንሼድ ውስጥ "የታላቅነቴ ተካፋይ" የሚል ደብዳቤ የለም። ንጉሡ ተኝቶ ሳየው አባቴን ባይመስለኝ ኖሮ ራሴ ባደረግኩት ነበር የምትልበት ቦታ የለም። በእንቅልፍ ልብ መሄድ የለም። ወሬውን "ሚስት አሳሳተችው" ላይ መተው ቢፈልግ ኖሮ ሥራው አልቆለት ነበር፣ ተጽፎ ጠብቆታል። ከዚያ አልፎ የጨመረው ሁሉ ስለ ሁለቱ ሰዎች ግንኙነት ነው። ስለዚህ ረስቷት ነው የሚለውን እኔ አልቀበልም። ተውኔቱ 1606 አካባቢ የተጻፈ ነው፣ ደራሲው ከ20 ዓመት ያላነሰ ልምድ... ይቅርታ፣ ያን ያህል አልልም፣ ግን ሀምሌትንና ኦቴሎን ጨርሶ የመጣ ሰው ነው። ዋና ገጸ ባሕርይ የት እንዳስቀመጠ አይጠፋውም።

ንባብ በሌሊት፦

ሞገደኛው፣ የ7ኛው ትዕይንት ትንተናህ በጣም ጥሩ ነው፣ በተለይ "ቢከሽፍስ" ያልከው። ግን አንተ 1ኛው ገቢር ላይ ቆመህ ነው የፈረድከው። ሚስትየዋ የሠራችው ስህተት ባሏን ማሸነፍ እንደምትችል ማሰቧ አይደለም፣ ያንን ችላለች። ስህተቷ አንድ ጊዜ ካደረገው በኋላም ያው የምታውቀው ሰው ሆኖ የሚቀጥል መስሏት ነው። ጥቂት ውኃ ያነጻናል አለችው። እሱ ያን ጊዜ እጁን እያየ ባሕር ሁሉ አያጸዳኝም እያለ ነው። ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ፣ ያው ደም እጃቸው ላይ እያለ፣ እንዲህ ተራርቀው ያወራሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዩ። በማግስቱ ጠዋት አሽከሮቹን ገደላቸው። ይሄ በዕቅዳቸው አልነበረም። ለሷ አልነገራትም። እሷ ወዲያው ትወድቃለች። ማስመሰል ነው የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው የሚሉም አሉ። እኔ እውነት ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ያለሷ ሲገድል ያየችው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ የጦር ጓደኛው የባንኮ ነገር ይመጣል። ነፍሰ ገዳዮቹን ቀጥሮ ከጨረሰ በኋላ ነው ከሷ ጋር የሚገናኘው። አስፈሪ ሥራ ይሠራል ይላታል። ምንድን ነው የሚሠራው ብላ ትጠይቀዋለች። ፍቅሬ፣ ተሠርቶ እስክታመሰግኚኝ ድረስ ባታውቂው ይሻላል ይላታል። ለስላሳ አነጋገር ነው፣ ሊጠብቃት የፈለገም ይመስለኛል። ግን በዚያች ቃል ከቤቱ ምክር አስወጣት።

እኔ የደረስኩበት ይሄ ነው። እነዚህ ሰዎች መካከል ሥልጣን ማለት ማወቅ ነበር። ደብዳቤውን ሲጽፍላት የሚያውቀውን ሁሉ አካፈላት፣ ስለዚህ እኩል ነበሩ። መንገር ሲተው እሷ ምንም አልቀራትም። ዘውድ ጭንቅላቷ ላይ አለ፣ ግን የምትመክረው ሰው የለም። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል እንላለን አይደል? እነዚህ ባሕሩን ራሳቸው አደፈረሱት፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዳቸው ለብቻ ነው የጠጡት።

የግብዣው ትዕይንት ለዚህ ነው የሚያሳዝነኝ። የባንኮን መንፈስ የሚያየው እሱ ብቻ ነው። እሷ ምን እያየ እንደሆነ አታውቅም፣ ባንኮ መገደሉንም አልነገራትም። እንደ ድሮው "አንተ ወንድ ነህ?" ትለዋለች። ያ ቃል 1ኛው ገቢር ላይ ተራራ ይንድ ነበር፣ አሁን አይሠራም። እንግዶቹን አባርራ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ከእንግዲህ መውቀስ የለም። እንቅልፍ ነው ያጣኸው ትለዋለች። እሱም ነይ እንተኛ ዓይነት ነገር ይላትና በዚህ ሥራ ገና ጀማሪዎች ነን ብሎ ይጨርሳል። ሁለቱ ነቅተው የሚነጋገሩት የመጨረሻ ቃል ይሄ ነው። ከዚህ በኋላ ተውኔቱ ውስጥ አንድም ጊዜ አብረው አይታዩም።

እንደገና ስታወራ ደግሞ ተኝታ ነው። ሻማ ሁልጊዜ አጠገቧ እንዲበራ አዛለች፣ ጨለማ ናልኝ ያለችው ሴት። እጇን ታሽታለች። ሽማግሌው ይህን ያህል ደም ይኖረዋል ብሎ ማን አሰበ ትላለች። የፋይፍ ባላባት ሚስት ነበረችው፣ አሁን የት ናት ትላለች። እቺ የዚያ ባላባት፣ የማክደፍ፣ ሚስት ናት። ባሏ ሳይነግራት ወደ እንግሊዝ የሸሸ፣ ልጆቿን ይዛ የተገደለች። እሷም ባሏ ያልነገራት ሚስት ናት፣ ልብ በሉ። በመጨረሻም ለማይሰማት ባሏ "ና፣ ና፣ እጅህን ስጠኝ" እያለች ወደ አልጋዋ ትሄዳለች። በ1785 ለንደን ላይ ሳራ ሲደንስ የምትባል ተዋናይት ይህን ስትጫወት ሻማውን አስቀምጣ ሁለቱንም እጇን እንድታሽ አደረገች፣ ከሷ በፊት ሻማውን እንደያዙ ነበር የሚጫወቱት። ሳነበው የገባኝ ነገር፣ አንድ እጅ ሌላውን እጅ የሚያጥበው ሌላ የሚያጥብ ሰው ከሌለ ነው።

ሞገደኛው፦

በግብዣው ላይ ያልሽውን እቀበላለሁ። በተለይ "አንተ ወንድ ነህ" የሚለው ቃል እዚያ እንደማይሠራ አላስተዋልኩትም ነበር። ጥፋቷን ግን አሁንም አላነሳላትም። አለመንገሩ እሷን ጎድቷታል፣ ዳንከንን ግን ከመቃብር አያወጣውም። ደግሞ እሱ ስትሞት የተናገረውን እዩ። ሴቶች ሲያለቅሱ ይሰማል፣ ምንድን ነው ይላል፣ ንግሥቲቱ ሞታለች ይሉታል። በኋላ መሞት ነበረባት፣ ለእንዲህ ያለው ቃል ጊዜ ይኖር ነበር ነው የሚለው። ነገ፣ ነገም፣ ነገም እያለ ስለ ሕይወት ባዶነት ይናገራል። ስለሷ አንድም ነገር አይልም። እንዴት እንደሞተችም አይጠይቅም። ያንን ሳነብ ለሷ አዘንኩ፣ ይሄን አልክድም።

የመጋረጃ ጀርባ፦

ከዚያ በፊት ግን ሐኪሙን የታመመ አእምሮ ማከም አትችልም ወይ፣ ሥር የሰደደ ኀዘን ከልብ መንቀል አትችልም ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። የሚጠይቀው ስለሷ ነው። ስለ ራሱም ይመስለኛል። ጋሻና ጦሩን እየታጠቀ፣ ጠላት በር ላይ ቆሞ። ፍቅሩ አልጠፋም፣ የሚወጣበት በር ነው የጠፋው።

ቀለም ወዳጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በእውነት። ትናንት ማታ 3ኛ ገቢር 2ኛ ትዕይንትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እሷ ተውኔቱን አታውቀውም። አሽከር የላከችበት ቦታ ስደርስ "ቆይ፣ ባሏ አይደለም እንዴ?" አለችኝ። ነው አልኳት። ዝም አለች።

ጨርሼ ስነሳ ደግሞ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ። አንድ ጊዜ ምን ልታደርግ ነው ብላ ጠይቃዋለች አይደል፣ አልነገራትም፣ ለምን ደግማ አልጠየቀችውም? እሷን የሚያህል ሰው፣ የምትፈልገውን ነገር ከባሏ አፍ ማውጣት የምታውቅ፣ ለምን በአንዴ ተወችው? መልስ አልነበረኝም። የመጋረጃ ጀርባ፣ አንቺ ተጫውተሽዋልና እስኪ ንገሪኝ። ያቺ ቦታ ላይ ምን አደረግሽ?

የመጋረጃ ጀርባ፦

እህቴ ጥሩ ጠይቃለች፣ ሰላም በልልኝ።

ከዚያ ጥያቄ በኋላ በዚያ ትዕይንት ምንም የምትናገረው የላትም። ጽሑፉ ላይ ባዶ ነው። እሱ ሌሊቱን እየጠራ፣ የቀኑን ዓይን ሸፍኝ፣ ቁራው ወደ ጫካው እየበረረ ነው እያለ ያወራል። ያ ጸሎት የሷ ነበር እኮ፣ 1ኛው ገቢር ላይ ጨለማን የጠራችው እሷ ናት። አሁን ከሱ አፍ ትሰማዋለች። ከዚያ ዞር ብሎ ንግግሬ ገርሞሻል፣ ግን ዝም በይ ይላታል። ፊቷ ላይ ምን እንዳየ እንግዲህ ከዚህ ነው የምናውቀው።

እኔ መጀመሪያ ስንለማመድ ክንዱን ያዝኩት። አዘጋጃችን አስቆመኝና አሁን እጅሽ የሚደርስ ይመስልሻል ወይ አለኝ። ስለዚህ ተውኩት። በመጨረሻ "በይ፣ ከኔ ጋር ነይ" ይላታል። ድሮ ሁልጊዜ ከጎኑ ነበር የምወጣው። ያን ቀን ትንሽ ጠብቄ፣ ሁለት እርምጃ ያህል ሲርቅ፣ ከኋላው ወጣሁ።